ኑዛዜ በቁም ይጻፍ

ሰው ሟች መሆኑን የማያውቅ የለም፤ ከሞቱ በኋላ ቤቱና ከብቱ ለማን እንዲሆን አስቀድሞ የሚያሰናዳ ግን ጥቂት ነው። በሰቆጣና በዙሪያዋ ባለው የዋግ ደጋ ጤነኛውን አባወራ «ኑዛዜዎን ለምን አያጽፉም?» ያሉት እንደ ሆነ «ምነው፣ ሞቴን ተመኘህን?» ብሎ ይቆጣል። የንስሐንም የውርስንም ነገር «ኑዛዜ» በሚል በአንድ ቃል ስለምንጠራ ይሆናል፣ ሁለቱንም ለመጨረሻዋ ቀን ማቆየት ልማድ ሆኗል።

የዚህን ልማድ ጉዳት ሕጉን ያየ ሰው ይረዳዋል። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሞቱ የቀረበ መሆኑን የተረዳ ሰው ለሁለት ምስክሮች በቃል እንዲናዘዝ ይፈቅዳል። ዳሩ ግን በቃል የሚናዘዘው ስለ ቀብሩ ሥርዓት፣ ለአካለ መጠን ስላልደረሱ ልጆቹ ሞግዚትና ከ500 ብር ስላልበለጠ ስጦታ ብቻ ነው። 500 ብር በዚያ ዘመን ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ግን ፍየል እንኳ አይገዛም። እንግዲህ አባት በጣዕር ላይ ሆኖ «በሬው ለታናሹ ይሁን» ያለው ቃል በችሎት ፊት ምን ዋጋ ይኖረዋል? እርሱ ልጆቼን አስማማሁ ብሎ ያርፋል፤ ልጆቹ ግን ከተስካሩ በኋላ አቤቱታ ይዘው ይካሰሳሉ።

ቀድሞ የዋግ ሰው ርስቱ በአባትም በእናትም ወገን ይወርድ ስለ ነበር፣ የትውልድ ሐረጉን በቃሉ የሚቆጥር ሽማግሌ እንደ ሰነድ ይታይ ነበር። የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ያን ሥርዓት ሻረው። በ1987 ዓ.ም. በጸናው ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የገበሬው የመጠቀም መብት ግን ከባልና ከሚስት ስም ጋር በይዞታ ደብተር ላይ ተጽፎለታል። በክልሉ አዋጅ ቁጥር 252/2009 መሠረትም ይህን መብት በኑዛዜ ማስተላለፍ ይቻላል። መሬቱ በጽሑፍ ሲያዝ ኑዛዜው በአፍ መቅረቱ ተገቢ ነውን?

በአሜሪካ ብዙ ባለሀብት በሕይወቱ ሳለ ንብረቱን በአደራ ሰነድ ያኖራል። ብዙውን ጊዜ ራሱ አደራ ጠባቂ ሆኖ እስከ ዕለተ ሞቱ ያዝበታል፤ ሲሞትም አስቀድሞ የመረጠው ሰው ተተክቶ በተጻፈው መሠረት ለወራሾቹ ያከፋፍላል፤ የፍርድ ቤት ምልልስም ይቀልላል። የ1952ቱ ሕጋችንም ከአንቀጽ 516 ጀምሮ ስለ አደራ ንብረት ደንግጎ ነበር፤ ነገር ግን በገበሬው ዘንድ አልተለመደም፤ መሬቱም የግል ሀብት ስላልሆነ እንደዚያ ሊያዝ አይችልም። ስለዚህ ከባዕድ አገር የምንወስደው መልኩን ሳይሆን ቁም ነገሩን ይሁን፤ ይኸውም ነገርን በጤና ጊዜ ማሰናዳት ነው።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ኑዛዜው ይጻፋል፤ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፤ መነበቡና ቀኑ በጽሑፉ ላይ ይገለጣል፤ ሁሉም ወዲያው ይፈርማሉ ወይም የጣት አሻራቸውን ያኖራሉ። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ምስክሮች ይበቃሉ። ሙሉውን በገዛ እጁ ጽፎ፣ ኑዛዜ መሆኑን ገልጦ፣ ቀን አኑሮ የፈረመበት ሰው ምስክር አያሻውም፤ ነገር ግን በ7 ዓመት ውስጥ በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ዘንድ ካላስቀመጠው ይፈርሳል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ከዋግ ብዙ ሰው ቀዬውን ጥሎ መሰደዱም፣ ወረቀትን በአንድ ሣጥን ብቻ ማኖር እንደማይበቃ ያስተምራል።

«ልጆቼ ድርሻቸውን ካወቁ ጧሪ አጣለሁ» የሚል ሽማግሌ ይኖራል። ሥጋቱ ከንቱ አይደለም፤ ነገር ግን ስጦታና ኑዛዜ አንድ አይደሉም። በስጦታ የተሰጠ ከእጅ ይወጣል፤ በኑዛዜ የተጻፈ ግን እስከ ዕለተ ሞት ከባለቤቱ ጋር ይኖራል፤ ሐሳቡን የለወጠ እንደ ሆነም ይሽረዋል። ደግሞ ሚስቱን ያስብ። ከመሬት ሌላ ባለው ንብረት፣ ኑዛዜ ከሌለ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ልጆችን እኩል ያካፍላል፤ ሚስት ግን ከጋራ ሀብቱ ግማሿን ታነሣለች እንጂ የባሏን ድርሻ አትወርስም። ልጅ ያልወለደች መበለት አብራ ያቀናችውን ቤት ከባሏ ወንድሞች ጋር የምትካፈለው ባሏ ጠልቷት ሳይሆን ሳይጽፍላት ስለ ሞተ ነው።

በዚህ ነገር ፊደል የቆጠርን ወጣቶች ሥራ አለብን። ለበዓል ወደ ወላጆቻችን ስንገባ ከስኳርና ከቡናው ጋር ወረቀትና እስክሪብቶ እንያዝ። ሽማግሌው በኽምጣና ተናግሮ ጽሑፉ በአማርኛ ከሆነ፣ በሚሰማው ቋንቋ ሳይነበብለት አይፈርም። ወራሾቹ እኛው ከሆንን ግን ብዕሩን ለሌላ ሰው ሰጥተን ከደጅ እንቀመጥ፤ የአባት ፈቃድ ሳይታማ የሚጸናው እንዲህ ሲሆን ነው።