ውሻን አስከትሎ ተራራ ስለ መውጣት

ክረምቱ አልፎ ጭቃው ከደረቀ በኋላ፣ ይኸውም ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ፣ የጎጃም ምድር ለእግረኛ እጅግ የተመቸ ይሆናል። ወንዙ ይጎድላል፤ ሰማዩ ይጠራል፤ ጤፉ ወደ ቢጫነት ይለወጣል። በዚህ ወራት በገበዝ ማርያም፣ በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ ከሚኖሩ ወዳጆቻችን መካከል በዕረፍት ቀን ስንቃቸውን ቋጥረው ወደ ተራራ የሚወጡ አሉ። አባቶቻችን ተራራ የሚወጡት ገዳም ለመሳለም፣ ወደ ገበያ ለመሻገር ወይም የጠፋ ከብት ለመፈለግ ነበር፤ ለማየት ብቻ መውጣት አዲስ ልማድ ነው። እኛ ግን ልማዱን አንነቅፍም፤ የፈጣሪን ሥራ በእግር እየሄዱ መመልከት በየደጃፉ ተቀምጦ ሰው ከማማት ይሻላልና። ዳሩ ግን ተራራ የሚወጣውን ሰው ብዙ ጊዜ ውሻው ይከተለዋል። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚሁ ተከታይ ነው።

ይህ አካሄድ ጥንታዊ ነው። መጽሐፈ ጦቢትን ያነበበ ሁሉ እንደሚያስታውሰው፣ ወጣቱ ጦብያ ከመልአኩ ከቅዱስ ሩፋኤል ጋራ ወደ ሜዶን አገር በተጓዘ ጊዜ ውሻው አብሮት ሄዷል። ስለዚህ ውሻን ማስከተል የባዕድ አገር ወግ ነው የሚሉን ሰዎች መጽሐፉን መለስ ብለው ቢያዩት መልካም ነው።

እኛም ከሦስት ባልንጀሮቻችን ጋራ በኅዳር ወር ወደ ጮቄ ወጥተን ነበር። ከፍኖተ ሰላም ተነሥተን በደምበጫ በኩል ደብረ ማርቆስ ገብተን አደርን፤ በማግሥቱም በስተ ሰሜን ወዳለው ተራራ አቀናን። መኪናው ካደረሰን ስፍራ ጀምሮ ጉዞው በእግር ሆነ። አራተኛው ባልንጀራችን የሒሳብ መምህር ሲሆን መከታ የሚባል ጥቁር ውሻ አለው። መከታ ከፊት ሮጦ ይሄድና ተመልሶ ኋላ የቀረውን ያያል፤ ደግሞ ወደ ፊት ይሮጣል። እንደ ክፍል አለቃ ሲቈጥረን ስለ ዋለ፣ እኛ አንድ ጊዜ የሄድነውን መንገድ እርሱ ሦስት ጊዜ ሳይሄደው አልቀረም።

የጮቄ ራስ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነው። ደምበጫ አጠገብ በድልድይ የምንሻገረው ተምጫ፣ በደብረ ማርቆስ በኩል የሚወርደው ጨሞጋ፣ በምሥራቅም ሙጋና ሱሃ ከዚሁ ተራራ ተነሥተው ወደ ዓባይ ይገባሉ። ስንወጣ የገብሱና የድንቹ እርሻ ገና አልተለየንም ነበር፤ ያበቃል ስንል ሌላ ማሳ ይታያል። ከእርሻው በላይ ጓሳው፣ ከጓሳውም መካከል ጅብራው ቆሟል። ጅብራ ብዙ ዓመት ቆይቶ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያብብ፣ ካበበም በኋላ የሚሞት ተክል ነው። በጥዋት ቅጠሉ በውርጭ ተሸፍኖ ስናየው በረዶ የዘነበ መሰለን፤ ፀሐይ ሲነካው ግን ወዲያው ጠብ ጠብ ይል ጀመር።

በመጨረሻው ማሳ ዳር አንድ ሽማግሌ ገበሬ አገኘን። እግዜር ይስጥልን ተባብለን ከተቀመጥን በኋላ አስቀድመው የጠየቁን ስለ አገራችን ወይም ስለ ሥራችን አልነበረም።

«እናንተ መምህሮች፣ ይህ ውሻ መርፌ ተወግቷል?»

«አዎን አባቴ፣ በመስከረም አስወግቼዋለሁ» አላቸው ባልንጀራችን።

«እንግዲያስ እለፉ። ነገር ግን አስራችሁ ያዙት። የኛን ውሾች የወጋልን የለምና።»

ከዚያም ምክንያቱን ነገሩን። የእኅታቸው ልጅ ከብት ሲጠብቅ ያልታወቀ ውሻ እጁን ነከሰው። ቁስሉ ትንሽ ነበርና በቅጠል ታሽቶ ተተወ፤ ዳነም። ሁለት ወር ያህል ካለፈ በኋላ ልጁ ውኃ ሲቀርብለት ይሸበር ጀመር፤ በሳምንቱም ዐረፈ። ሽማግሌው ይህን ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። መከታ እግራቸው ሥር ተኝቶ ነበር፤ አላባረሩትም፤ አልዳበሱትምም።

ደግሞም ጓሳውን በእጃቸው እያመለከቱ፣ በልጅነታቸው ቀይ ቀበሮ በዚያ ስፍራ ፍልፈል ስታድን ያዩ እንደ ነበር ነገሩን። ዛሬ በጮቄ ቀይ ቀበሮ የለችም፤ ተመራማሪዎችም ከዚያ መጥፋቷን መዝግበዋል። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ በየትም የማትገኝ፣ በስሟ ቀበሮ ብትባልም በዘር ከተኵላ ወገን የሆነች አውሬ ናት። የደረሱት ተቈጥረው ከ500 አይበልጡም፤ እነርሱም በባሌ፣ በአርሲ፣ በስሜን፣ በወሎና በመንዝ ደጋዎች ተበታትነው ይኖራሉ። እርሻው ሽቅብ በወጣ መጠን ስፍራቸው ይጠባል፤ ጥቂት ሆነው በአንድ ራስ ላይ የቀሩትን ደግሞ አንድ በሽታ ይበቃቸዋል። በባሌ በ1984 ዓ.ም. ገደማ፣ ዳግመኛም በ1996 ዓ.ም. ከመንደር ውሾች የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ ቀበሮዎቹን ፈጅቷል። በኋለኛው ጊዜ ባለሙያዎች ቀበሮዎቹን በወጥመድ እየያዙ እየከተቡ መለሷቸው፤ በሽታውም ተገታ። እረኛውን ልጅ የሚገድለውና ቀበሮዋን የሚገድለው እንግዲህ አንድ በሽታ ነው፤ የሚመጣውም በአንድ መንገድ፣ በእኛው ውሻ በኩል ነው።

እዚህ ላይ ቤተሰብ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባውን እንናገር። የበሽታው ቫይረስ በታመመው እንስሳ ምራቅ ውስጥ ይገኛል፤ በንክሻ፣ በጭረትም ሆነ ምራቁ ቁስል ሲነካ ይገባና በነርቭ በኩል ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል። ጉዞው ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። ምልክቱ ከታየ በኋላ ሕክምናው ከቶ አያድንም ለማለት ይቻላል። ስለዚህ ቁስሉ ዳነ ተብሎ የሚጠበቅበት ያ ጊዜ ክትባት የሚሰጥበት ጊዜ ነው። ሉዊ ፓስተር የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ በ1877 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1885) የ9 ዓመቱን ልጅ ዮሴፍ ማይስተርን ያዳነው ይህንኑ ጊዜ ተጠቅሞ ነው። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ያህል ይጠብ፤ በዚያው ቀንም ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ጠበል መጠመቅ የሚሻም ይጠመቅ፤ ሁለቱ አይጣሉም። ክርስቲያን ሁሉ ጠበሉን ይወዳል፤ ነገር ግን ጠበል ቦታ ሰንብቶ ክትባቱን የሚያሳልፍ ወላጅ በልጁ ላይ ትልቅ አደጋ ያመጣል።

በየቤታችን የውሻን አኗኗር ስንመለከት ደግሞ የምንታዘበው ነገር አለ። ቀን ታስሮ ይውላል፤ ማታ ቤቱን ይጠብቃል ተብሎ ይለቀቃል፤ ስላልበላም ቤቱን ትቶ ቆሻሻ ሲያስስ ያድራል። በጥዋት ሲመለስ ከማን ጋራ እንደ ተናከሰ የሚጠይቀው የለም። ስም አውጥተን፣ «የኛ ውሻ» ብለን፣ ፍርፋሪ መስጠትን እንደ ምጽዋት የምንቈጥር ሰዎች ብዙ ነን። ይህ ጥበቃም አይደለም፤ ርኅራኄም አይደለም።

በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች ከመቶ 70ው ቢከተቡ በሽታው መተላለፊያ እንደሚያጣ ሊቃውንቱ ይናገራሉ። ይህን ለማድረግ ኅዳር የተመቸ ወር ነው። በ1911 ዓ.ም. የገባው የኅዳር በሽታ ብዙ ሰው ከፈጀ ወዲህ፣ በኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየጠረጉ ማቃጠል ልማድ ሆኖ ቆይቷል። በዕለቱ የቅዱስ ሚካኤል በዓል ስለሆነ ሕዝቡም አንድ ላይ ይሰበሰባል። የየሰፈሩ ዕድርና ማኅበር ከወረዳው የእንስሳት ሐኪም ጋራ አስቀድሞ ተነጋግሮ፣ ከበዓሉ ማግሥት ጀምሮ ውሾች የሚከተቡበትን ቀን ቢቈርጥ፣ ለመጥረጊያው የሚወጣው ጉልበት ለዚህም ይበቃል።

ከተሜው ውሻውን በገመድ ይዞ መሄድ አይከብደውም። በጮቄ ማሳ ዳር ያገኘናቸው ሽማግሌ ግን ሁለት ውሾች አሏቸው፤ ሁለቱም ገመድ አያውቁም፤ ከእርሳቸው ደጅ እስከ መኪናው መንገድ ድረስም የግማሽ ቀን ቁልቁለት ነው። ሐኪሙ መድኃኒቱን በበረዶ ዕቃ ይዞ፣ በቅሎ ተከራይቶ ወደ ላይ ቢወጣ፣ የዚያን መንደር ውሾች በአንድ ቀን ይጨርሳቸዋል።