አረንጓዴው ከቆዳው ሳይሆን ከብርሃኑ ነው

በበዓል ሰሞን ዘመድ ጥየቃ ዲላ ሄደን፣ የባለቤቴን እናት ጓሯቸው ውስጥ ቡና ሲያፈሉ ፎቶ አነሳናቸው። እማማ ስልኩን አይተው፣ «ምነው፣ በሽተኛ መሰልኩ?» አሉ። እውነትም ፊታቸው ወደ አረንጓዴ አድልቷል።

ምክንያቱ ጥላው ነው። በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጌዴኦ መልክዓ ምድር፣ በትልልቅ ዛፎች ሥር እንሰትና ቡና አብረው የሚበቅሉበት ነው። በቅጠሉ አልፎ የሚወርደው ብርሃን አረንጓዴ ይይዛል። ዓይናችን ይለምደዋል፤ ካሜራ ግን አንዳንዴ ይስታል።

ልጄ ፊት በሚያስውበው ፊልተር ልታስተካክለው ሞከረች። የእማማ ጠይም መልክ ነጣ፤ አረንጓዴው ግን አልለቀቀም። መታረም ያለበት ብርሃኑ እንጂ ቆዳቸው አልነበረም።

እናንተም ሲያጋጥማችሁ፣ ስናፕሲድ ላይ «ዋይት ባላንስ» የሚለውን ክፈቱ። በቀለም መምረጫው ምልክት፣ ከሰውየው ጋር በአንድ ጥላ ውስጥ ያለ ነጭ ነገር ንኩ። እኛ ስኒውን ነካን፤ የሚያብረቀርቀውን ጠርዝ ሳይሆን ሆዱን። ነጩ ነጭ ሲሆን ፊቱም ይመለሳል።

ነጭ ነገር ከሌለ፣ አረንጓዴ ለበዛበት «ቲንት»ን ወደ ሐምራዊ፣ ሰማያዊ ለበዛበት «ቴምፕሬቸር»ን ወደ ቢጫ በጥቂቱ ግፉ። ቅጠሉ አረንጓዴነቱን ካጣ አብዝታችኋል ማለት ነው። ማታ የምትሠሩ ከሆነ፣ ስክሪኑን ቢጫ የሚያደርገውን ማስተካከያ ቀድማችሁ አጥፉት።

ፎቶውን አሳጥበን ላክንላቸው። ጠይምነታቸው እንዳለ ነው፤ ሳሎናቸው ውስጥ ሰቅለውታል።