«ሕዝቡ አይገባውም» የሚሉን እነማን ናቸው?



በሚኒያፖሊስ ከተማ በአንድ የማኅበር አዳራሽ ምድር ቤት፣ ከማሞቂያው ጀርባ፣ 12 ሜትር የሚሆን የወረቀት ጥቅልል ወድቋል። ከዚያ የጣሉት የበዓል ኮሚቴው አባሎች ናቸው። የሠሩት ደግሞ የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት የሚከታተሉ ልጆች ናቸው። በሥራው ላይ እጄ ስላለበት ዝም ማለት አልቻልሁም፤ ነገሩ የወረቀት ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን የዚህን መጽሔት ገጽ ባላጣበብሁ ነበር።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በክረምቱ ወራት (ክረምት ስል የበረዶውን ነው እንጂ የዝናቡን አይደለም) ልጆቹ በከሰል የፈለጉትን እንዲስሉ ተነገራቸው። ክልክሉ አንድ ብቻ ነበር፤ ስም ያለው ነገር አይሳልም። ቤት የለም፣ ዛፍ የለም፣ አንበሳ የለም፣ ባንዲራም የለም። ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ያለውን መንገድ፣ አውቶቡስ ሲጠብቁ የሚሰማቸውን ብርድ፣ እናታቸው አገር ቤት ስትደውል የሚሰማውን ድምፅ በመስመርና በጥላ ብቻ እንዲያሳዩ ተጠየቁ። የፋሲካ ዕለት ወረቀቱ ከግድግዳው ተሰቀለ፤ ከሥሩ ከሰል በሳህን ተቀመጠና ለእንግዳው ሁሉ «ልጁ ከተወበት ይቀጥሉ» ተባለ።

የመጀመሪያው ሰዓት በሳቅና በእፍረት አለፈ። ኋላ አንዲት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው ከአንዲት የ10 ዓመት ልጅ መስመር ፊት ብዙ ጊዜ ቆሙ። «ይኼማ ጥለት ነው» አሉና ከሰሉን አንሥተው ድርድር ጭረቶች እስከ ወረቀቱ ጠርዝ አወረዱ። ከዚያ በኋላ ሰዉ ተሰለፈ።

በሳምንቱ ኮሚቴው ሦስት ክስ አቀረበ። ሥዕሉ የፈረንጅ ነው፤ ሕዝባችን አይገባውም፤ እንግዳ በሥዕል ላይ እጁን እንዲያሳርፍ ማድረግ ሥርዓት ማጣት ነው። ወረቀቱ ወረደ፤ በምትኩ የአክሱም ሐውልት የታተመበት ፎቶግራፍ ተሰቀለ። በአክሱም ላይ ጠብ የለኝም። ጠቡ ከክሱ ጋር ነው።

«የፈረንጅ ነው» ለሚለው መልሱ አጭር ነው። የብራና መጻሕፍታችንን ገጽ የሚከበው ሐረግ የማን ፊት ነው? የማን ቤት ነው? መስመር ከመስመር ጋር ተጠላልፎ የሚሄድ ነው እንጂ የምንም ነገር መልክ አይደለም። የሐበሻ ቀሚስ ጥለትም እንዲሁ ነው። ይህን ሁሉ ለብሶ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው ረቂቅ ሥዕል እንግዳ ሆነብኝ ቢል ልብሱ ይታዘበዋል።

ስለ ክታብ ግን ረዘም አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፤ ሦስተኛውን ክስም የሚያፈርሰው እርሱ ነውና። ደብተራው የክታቡን ብራና የሚቆርጠው ብዙ ጊዜ በበሽተኛው ቁመት ልክ ነው። በጸሎቱ መካከል የባለቤቱ ስም ይገባበታል። ከጽሕፈቱ መካከል የሚሳለው ጠልሰም ዓይን አለው፤ አንዳንዱ ከዓይንና ከመስመር በቀር ሌላ ነገር የለውም። በሽተኛው ያየዋል፤ እርሱም በሽተኛውን ያየዋል፤ በባለቤቶቹ እምነት ጋኔኑን የሚያስወጣው ይኸው መተያየት ነው። እኔ በጋኔኑ አላምንም፤ የማምነው በአሠራሩ ነው። ተመልካቹ በቁመቱ፣ በስሙና በዓይኑ ካልገባበት ሥዕሉ ያልተፈጸመ ሥራ ነበር። ታዲያ በአሜሪካና በአውሮፓ ሠዓሊዎች «ተመልካቹ ይሳተፍ» ብለው ሲነሡ አዲስ ነገር መጣብን ብለን የምንደነግጠው ስለምንድን ነው?

«ሕዝቡ አይገባውም» የሚለው ግን ከሁሉ የከፋ ነው፤ እኛንም ተማሪዎችን የሚመለከት ነው። ገብረ ክርስቶስ ደስታ በጀርመን አገር በኮሎኝ ተምሮ ከተመለሰ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1963 በአዲስ አበባ ሥዕሎቹን ሲያሳይ ይኸው ቃል ተወርውሮበታል። በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ቢያገኝም ቃሉ አልተወውም። የ1966 ዓ.ም. ለውጥ ከመጣ ወዲህ ደግሞ ቃሉ ከሐሜት ወደ መመሪያ አደገ፤ ሥዕል ሁሉ የተጨበጠ ክንድና የተዘረጋ ባንዲራ እንዲይዝ ተፈለገ። ገብረ ክርስቶስ ከአገሩ ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ1981 በኦክላሆማ በሎተን ከተማ ሞተ። ያንን መመሪያ ካስጌጡት ቃላት ብዙዎቹ የተማሪው እንቅስቃሴ ቃላት እንደ ነበሩ አንካድ። ሰፊው ሕዝብ ምን እንደሚገባው ሕዝቡን ሳንጠይቅ የወሰንን እኛ ነን። በአንድ ስንኝ ውስጥ ሰምንና ወርቅን ለይቶ የሚያወጣ ሕዝብ የአንድ ሕፃን መስመር ያቅተዋል ብሎ የሚናገር ሰው፣ የሚናገረው ስለ ራሱ ነው።

ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድም አያስፈልግም፤ በዚሁ ከተማ አለልን። እ.ኤ.አ. በ1970 በአዲስ አበባ ተወልዳ በ1977 ከቤተ ሰቧ ጋር ወደ አሜሪካ የመጣችው ሠዓሊ ጁሊ ምሕረቱ፣ በ2003 በሚኒያፖሊስ የዎከር የሥነ ጥበብ ማዕከል ሥራዋን አሳይታ ነበር። የከተማ ካርታ፣ የሕንፃ ንድፍና የቀለም ጭረት እርስ በርሱ የተደራረበበት ሥዕል ነው። በዚያው ጊዜ በዚህ የሚኖሩ የምሥራቅ አፍሪካ ተወላጅ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ሰብስባ፣ ውሏቸውን ራሳቸው በፎቶግራፍና በድምፅ እንዲቀዱ አደረገች። የተሰበሰበው በከተማው ካርታ ላይ ተቀመጠ። የሥራው ስም «ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል የምሥራቅ አፍሪካ ከተሞች ናቸው» የሚል ነበር። ስደተኛውን «ከየት መጣህ?» ብሎ መጠየቅ በለመደ ከተማ ይህ ስም ራሱ ክርክር ነው። ተማሪዎቹ የሠዓሊዋን ሥዕል ቀለም እንዲቀቡ አልተጠሩም፤ ከተማውን እንዲሰይሙ ተጠሩ እንጂ።

ምስጋናዬ ግን ዓይኔን አልጋረደውም። ሥራው የሚታወቀው በሠዓሊዋ ስም ነው። ይህችው ሠዓሊ በኋላ በኒው ዮርክ ለጎልድማን ሳክስ ባንክ 80 ጫማ የሚረዝም የግድግዳ ሥዕል ሠርታለች። ረቂቅ መሆኑ ብቻ ሥዕልን የሕዝብ አያደርገውም፤ ባንክም ቢሆን ረቂቅ ሥዕል ይሰቅላል። ልዩነቱ ከሰሉን የያዘው ማን ነው በሚለው ላይ ነው።

የራሴንም ጥፋት ልናገር። የፋሲካ ዕለት አንድ ሰው መጥቶ በአንዲት ልጅ መስመር ላይ የሚደግፈውን ድርጅት ስም በትልልቁ ጻፈበት፤ ልጅቱም አለቀሰች። «ሁሉም ይሳተፍ» ብለን በሩን ስንከፍት ልጆቹን አላማከርንም ነበር። መሳተፍ ማለት ጉልበት ያለው ያሻውን መጻፍ ነው ብለን እንደ ተውነው ያህል ሆነ። የትኛው ቦታ ለእንግዳ ክፍት ይሁን፣ የትኛው ይታጠር የሚለውን የሚወስኑት መስመሩን የጀመሩት ልጆች መሆን ነበረባቸው። ኮሚቴው በዚህ ቢከሰን ኖሮ አንገቴን ደፍቼ እቀበል ነበር። ለልጅቱ ዕንባ ግን አንድም ሰው ቃል አላወጣም። የተቆጡት የአክሱም ሐውልት ስላልተሳለ ነው።

እነዚህ ልጆች አብዛኞቹ አክሱምን አላዩም። የሚያውቁት በሴዳር ሪቨርሳይድ ያሉትን ረጃጅም ሕንፃዎች ነው፤ ራልፍ ራፕሰን የነደፋቸውና እ.ኤ.አ. በ1973 የተከፈቱት፣ በግድግዳቸው ላይ ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ሰሌዳ የተለጠፈባቸው ናቸው። አንዱ ልጅ ቤቱን ሲያሳየኝ ቁጥሩን አልጠራም፤ «ከቢጫው በላይ ሁለተኛው ቀይ» አለኝ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2020 ጆርጅ ፍሎይድ በዚህ ከተማ በፖሊስ እጅ ሲገደል፣ የየሱቁ መስኮት በጣውላ ተሸፍኖ ጣውላው ደግሞ ባላፊ አግዳሚው ሥዕል ሲሞላ፣ ከልጆቹ ትልልቆቹ በዓይናቸው አይተዋል። አንዳንዶቹም ስለዋል። ግድግዳ የማን እንደሆነ ከኮሚቴው ይልቅ እነርሱ ያውቃሉ።

የምንጠይቀው ይህን ነው። ጥቅልሉ ከምድር ቤት ይውጣ። ለእንቁጣጣሽ ከአክሱሙ ፎቶግራፍ ጎን ይሰቀል፤ ፎቶግራፉ ይነሣ አላልንም። የትኛው መስመር እንደሚቀጥልና የትኛው እንደማይነካ ልጆቹ ራሳቸው ምልክት ያድርጉበት። ከኮሚቴው አባሎችም አንድ እንኳ ከሰል ይዞ ይቅረብና እናትዮዋ ከተዉት ጥለት ይቀጥል።

ከሰሉ እኔ ዘንድ አለ። የምድር ቤቱ ቁልፍ በኮሚቴው እጅ ነው።