ስለ ኅዳር 12 ጭስ የማኅበራችን አስተያየት



እንደሚታወቀው ኅዳር 12 ሲደርስ ደጃፍን ጠርጎ ቆሻሻውን ማቃጠል የቆየ ልማድ ነው። መነሻውም በ1911 ዓ.ም. የገባው የኅዳር በሽታ ነው። ዓለምን ያዳረሰው ይኸው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ላይ ብዙ ሺህ ሰው ፈጀ። የዚያን ጊዜ ሰው በሽታው በአየር መጥፎነት የመጣ መስሎት ጠርጎ አጠነ፤ አንፈርድበትም። ያጠነውም ቅጠልና ገለባ ነበር።

የዛሬው ክምር ግን ሌላ ነው። ፌስታሉ፣ ሃይላንዱ፣ ያለቀ ጫማው፣ አንዳንዴም የመኪና ጎማ አለበት። ይህ ሲቃጠል ዳዮክሲንን የመሰለ መርዝ ያወጣል፤ በዓይን የማይታየው ብናኝም ሳንባ ድረስ ይገባል። በኅዳር ደግሞ የማታው ብርድ ጭሱን ወደ ላይ አያስወጣውም፤ እሰፈር ውስጥ ተኝቶ ያድራል። አስም ያለበት ሰው በዚያ ሌሊት ምን እንደሚሆን ቤተሰቡን መጠየቅ ነው።

«ልማዳችንን ልታስቀሩ ነው ወይ?» ያሉን አሉ። ጠረጋው ይቅር አላልንም። እንዲያውም በዓመት አንዴ ብቻ መሆኑ ነው የሚያሳዝነው። ይቅር ያልነው እሳቱን ነው።

ታዲያ የት ይጣል? ሁሉቃ ወንዝ ውስጥ አይደለም። ቅጠሉ ጓሮ ይቀበር፤ ፌስታሉ በማዳበሪያ ከረጢት ይታሰር። ማዘጋጃ ቤቱም በዕለቱ መኪና ይላክልን፤ ማንሻ ሳያቀርቡ «አታቃጥሉ» ማለት ብቻውን አይሠራም።

ሕጉም አለ። አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንም ሰው «እኔ ተጎዳሁ» ማለት ሳያስፈልገው በበካዩ ላይ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት እንዲል፣ በ30 ቀን ውሳኔ ካላገኘም ፍርድ ቤት እንዲሄድ ፈቅዷል። ይህ ለፋብሪካ ይሁን፤ ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር ግን ቡና ላይ ቢነጋገር ይሻላል።

የማድቤቱም ጭስ ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳለው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የቤት ውስጥ ጭስ በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ሰው ገድሏል። መስኮት የሌለው ማድቤት ያላችሁ እባካችሁ ቀዳዳ አውጡለት። ከሰል አግብቶ በር ዘግቶ መተኛትማ ጭራሽ አይሞከር፤ ገዳዩ ጋዝ ሽታ የለውም።

ኅዳር 12 ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ መጥረጊያና አካፋ ይዛችሁ በማኅበሩ ቤት ደጃፍ እንድትገኙ። ከረጢት ያለው ከረጢቱን ይዞ ይምጣ።

የማኅበሩ ጸሐፊ