ሸራው መኪናው ላይ ይገጠም ወይስ ተጠቅልሎ ይያዝ?

ለሐምሌ 19 ቁልቢ ገብርኤል በራሳችሁ መኪና ለመሄድ ስትዘጋጁ ምናልባት ቤት ውስጥ ይህ ክርክር ተነሥቶ ይሆናል፦ ከመኪናው ጣሪያ ጎን ተስቦ የሚወጣውን ሸራ እናስገጥም ወይስ ይቅርብን? ዋጋው ቀላል አይደለም። ከመክፈላችሁ በፊት መንገዱን በሐሳብ አንዴ ሄዳችሁ ተመለሱ።

አዋሽ ከባሕር ጠለል በላይ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሕፃን ይዞ ለምሳ ለሚቆም ቤተሰብ በደቂቃ የሚዘረጋ ጥላ ትልቅ ነገር ነው። በአሰቦትና በሚኤሶ አልፋችሁ ወደ ጭሮ ስትወጡ ግን ነገሩ ይለወጣል። ብዙዎቻችን ዛሬም አሰበ ተፈሪ የምንላት ጭሮ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከዚያ በሂርና በኩል እስከ ቁልቢ በደጋው ስትጓዙ፣ በሐምሌ የሚያስቸግራችሁ ፀሐይ ሳይሆን ዝናብና ንፋስ ነው።

እስቲ እናስላው። 2 ሜትር በ2 ሜትር ተኩል የሆነ ሸራ 5 ካሬ ሜትር ነው። ሸራው ረግቦ በአማካይ 1 ሴንቲ ሜትር ውሃ ቢያቁር 50 ሊትር፣ ማለትም 50 ኪሎ ይሆናል። ይህ ሁሉ የሚንጠለጠለው በመኪናው ጎንና በሁለት ቀጫጭን ቋሚዎች ላይ ነው፤ ከሥሩ ደግሞ ልጆቻችሁ ተቀምጠዋል። ስለዚህ ውሃው እንዲወርድ አንዱን ቋሚ ዝቅ አድርጉት። ንፋስም እንዲሁ አይናቅም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በገመድና በችካል ወጥሩት፤ ስትተኙ ወይም ትታችሁት ስትሄዱ ጠቅልሉት። እርጥቡን የጠቀለላችሁት እንደሆነ ቤት ስትደርሱ ዘርግታችሁ አድርቁት፤ አለዚያ ይሻግታል።

ክብደቱንም አስቡ። የመኪናችሁ ጣሪያ ስንት ኪሎ እንደሚችል ከመኪናው ጋር በመጣው መጽሐፍ ላይ ተጽፏል። የሸራው ክብደት ፖርቶ መጋላው ላይ ከምትጭኑት ሻንጣና ፍራሽ ጋር ይደመራል። ከላይ የከበደ መኪና ደግሞ በጠመዝማዛ መንገድ ላይ ያጋድላል።

ውጭ አገር ካራቫን ያላቸው ዘመዶቻችንም ተመሳሳይ ክርክር አላቸው። ከካራቫኑ ጎን ተገፍቶ በሚወጣው ክፍል ላይ የሚዘረጋው ሸራ ቅጠልና ዝናብ ይከላከላል፤ ግን እሱም ውሃ ያቁራል፣ በንፋስም ይርገበገባል።

ታዲያ ምን ይሻላል? በየወሩ አዋሽ ፓርክ ወይም ላንጋኖ የምትወጡ ከሆነ አስገጥሙት፤ ትጠቀሙበታላችሁ። በዓመት ሁለቴ፣ ለሐምሌና ለታኅሣሥ 19 ብቻ ከሆነ ግን ውሃ የማያስገባ ወፍራም ሸራ፣ ገመድና ሁለት ቋሚ ይበቃችኋል። ቁልቢ ላይ በንግሡ ቀን መኪናው ተጠጋግቶ ስለሚቆም፣ ከጎን 2 ሜትር ስቦ ለማውጣት ቦታ አይገኝም። ያልተገጠመውን ሸራ ግን ተሸክማችሁ ወደምታድሩበት ትወስዱታላችሁ። በታኅሣሥ ደግሞ ጎኑ ክፍት የሆነ ሸራ የሌሊቱን ብርድ አያቆምም፤ የሚያስፈልጋችሁ ዙሪያውን የተዘጋ ድንኳን ነው።

በተረፋችሁ ገንዘብ ከጉዞው በፊት የምታስፈትሹት ሌላ ሸራ አለ፦ የፍሬን ሸራ። ልጆቻችሁን ጭናችሁ ከጭሮ ወደ ሚኤሶ ቁልቁል ስትመለሱ የምትተማመኑት በእሱ ነው።