ከአንጀትዎ የተወሰደው ናሙና ምን ይላል?

ኮሎኖስኮፒ ተደርጎልዎት ናሙና ከተወሰደ በኋላ ውጤቱ «የቆየ የአንጀት መቆጣት» የሚል ብቻ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ያን ሁሉ ጾሜ፣ ያን ሁሉ የሆድ ማጽጃ ጠጥቼ ይህቺ ብቻ? ቢሉ አይፈረድብዎትም። ግን ይህ አጻጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የጥንቃቄ ነው።

የተቆረጠችው ሥጋ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ናት። ፓቶሎጂስቱ በማይክሮስኮፕ መቆጣቱን በደንብ ያየዋል፤ ያስቆጣውን ግን ሁልጊዜ አያገኘውም። ቲቢ በሚበዛበት እንደ እኛ ባለ አገር ትልቁ ፈተና የአንጀት ቲቢንና ክሮንስ የተባለውን በሽታ መለየት ነው። ሁለቱም በብዛት የሚይዙት የትንሹን አንጀት መጨረሻ ነው። ሁለቱም ሆድ ይቆርጣሉ፣ ያከሳሉ፣ ያተኩሳሉ። ናሙናው ላይም ሁለቱም ግራኑሎማ የሚባል የሕዋሳት ክምችት ይሠራሉ። የቲቢው ብዙ ጊዜ ተለቅ ያለና እርስ በርሱ የተያያዘ ነው፤ መሃሉ እንደ አይብ ከፈረፈረ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ችግሩ ይህ ምልክት ከብዙ የቲቢ ታማሚዎች ናሙና ላይ ይጠፋል። ጂን ኤክስፐርትም ቢሆን «የለም» ስላለ ብቻ ቲቢ የለም ማለት አይደለም።

ስሕተቱ ከባድ ነው። ለክሮንስ የሚሰጠው ፕሬድኒሶሎን የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክም በሽታው ቲቢ ከሆነ እንዲስፋፋ መንገድ ይከፍትለታል። (አሜባም አልሰራቲቭ ኮላይተስን መስሎ በዚሁ መንገድ ያታልላል።) በተቃራኒው ክሮንስ ያለበት ሰው ለወራት የቲቢ መድኃኒት ሲውጥ አንጀቱ እየጠበበ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ አንዳንዴ የቲቢ መድኃኒት ያስጀምርና ከ2 ወይም ከ3 ወር በኋላ ኮሎኖስኮፒውን ይደግማል፤ ቁስሉ ከዳነ ቲቢ እንደነበር ይገመታል። «መሞከሪያ አደረጉኝ» የሚሉ አሉ። እኔ ግን በችኮላ ከተሰጠ የበሽታ ስም ይህን እመርጣለሁ።

ፓቶሎጂስቱ እርስዎን አያይዎትም፤ የሚያውቅዎት ከናሙናው ጋር በተላከው ወረቀት ነው። ከምርመራው በፊት ሕመሙ መቼ እንደጀመረዎት፣ ቤት ውስጥ ቲቢ የታከመ ሰው ካለ፣ በቅርቡ የወሰዱትን መድኃኒት ሁሉ ለሐኪምዎ ይንገሩና እንዲጻፍ ይጠይቁ። ለወገብ ወይም ለጉልበት ብለው የሚውጡት ዳይክሎፈናክና አይቡፕሮፌንም አንጀት ያቆስላሉና አይዝለሏቸው። ናሙናው ከስንት ቦታ እንደሚወሰድም ይጠይቁ። ጤነኛ ከሚመስለው ቦታ ጭምር መወሰድ አለበት፤ በሽታው የቱን ነክቶ የቱን እንደዘለለ ራሱ መረጃ ነው።

ሌላ ባለሙያ እንዲያየው ከፈለጉ ደግሞ የውጤቱ ወረቀት ብቻውን አይበቃም። ናሙናው ያለበትን ስላይድና በሰም ውስጥ የተቀመጠውን ብሎክ ከላቦራቶሪው ይጠይቁ። የኮሎኖስኮፒውን ሪፖርትም አብረው ይውሰዱ።