“ማስረጃህ የታለ?” የማይል ትውልድ ለማን ይመቻል?

ለመሆኑ እኛ አገር ክርክር ድሮም የማይታወቅ ነገር ነበር እንዴ? ኧረ በጭራሽ! የሀገሬ ባላገር ነጠላውን አጣፍቶ፣ በትሩን መሬት ላይ ተክሎ “ተጠየቅ!” ሲል ባላጋራው “ልጠየቅ” ብሎ ይቆም ነበር። ነገር ያለ እማኝ እንደማይጸና ለማወቅ ፊደል መቁጠር አላስፈለገውም። ወደ አብነት ትምህርት ቤቱ ብንዘልቅም ያው ነው። የትርጓሜ መምህሩ አንዱን ንባብ “አንድም፣ አንድም” እያለ ሲፈታ፣ ለፍቺው የሚመሰክርለትን ቃል ከመጽሐፍ ጠቅሶ “እንዲል” ይላል። “እንዲል” ማለት በዛሬው አነጋገር “ማስረጃዬ ይኸውና!” ማለት ነው።

ታዲያ እንዲህ ያለ ወግ ያለን ሰዎች የዛሬውን የአራተኛ ክፍል ልጅ ምን እያስተማርነው ነው? ምንባቡን ያነባል። ከሥሩ “ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ” ተደርድሮ ይጠብቀዋል። ልጁ ያከብባል፣ መምህሩ ይቆጥራል፣ ርእሰ መምህሩ ሪፖርቱን ወደ ላይ ይልካል። አለቀ! “ለምን እንዲህ አልክ? ከምንባቡ የቱን አይተህ?” ብሎ የሚጠይቅ የለም።

የእህቴ ልጅ ደብተር ላይ ያየሁትን ላጫውታችሁ። ምንባቡ ሁላችንም የምናውቀው ተረት ነው። ክፉ ዘመን መጣና አንበሳ፣ ነብር፣ ጅብና አህያ “ይህ መዓት በማን ኃጢአት መጣ?” ብለው ተሰበሰቡ። በሬ የበላው አንበሳ “ይህማ ኃጢአት አይደለም” ተባለለት። ነብሩም ጅቡም እንዲሁ ታለፉ። መንገድ ዳር ሣር የነጨችው አህያ ግን “ለካ አንቺ ነሽ!” ተብላ ተበላች። ጥያቄው “ተረቱ ምን ያስተምራል?” ይላል። ልጅቷ “ጉልበተኛ ሲያጠፋ ሁሉም ዝም ይላል” ብላ ጻፈች። በቀይ እስክሪብቶ ተሰረዘባት! ትክክለኛው መልስ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? “ጥፋትን ማመን መልካም ነው።” እግዜር ያሳያችሁ! አህያዋ አምና ምን አተረፈች? ልጅቷ መልሷን የምታስረዳበት ባዶ መስመር እንኳ አልተሰጣትም።

ይህ የአንድ መምህር ጥፋት አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በበርካታ ክልሎች የተካሄደው የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ለክፍላቸው ከተዘጋጀው ምንባብ አንዲት ቃል ማንበብ እንዳልቻሉ አሳይቷል። 48 በመቶው ደግሞ ስላነበቡት አንድም ጥያቄ መመለስ አልቻሉም። ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ልጆች ለ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ተቀምጠው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያውም ምርጫ እያከበቡ! መሠረቱ ሳይጣል ጣሪያው ወደቀ ብሎ መጮህ ምን ይባላል?

መፍትሔው ዶላር አይጠይቅም። ያንኑ ተረት እንውሰድና “በአህያዋ ላይ የተፈረደው ፍርድ ትክክል ነው?” ብለን እንጠይቅ። አንደኛ፣ ልጁ አቋሙን ይጻፍ፤ “ትክክል አይደለም።” ሁለተኛ፣ ከምንባቡ እማኝ ይጥራ፤ “አንበሳው በሬ በልቷል፣ እሷ ግን የነጨችው ሣር ነው።” ሦስተኛ፣ ሁለቱን ያገናኝ፤ “ትልቁ ጥፋት ታልፎ ትንሹ ከተቀጣ ፍርድ አይባልም።” በቃ፣ ሦስት ዓረፍተ ነገር! “ትክክል ነው” የሚል ልጅም ከመጣ ይምጣ፤ ምስክሩን ከምንባቡ ይጥራ። ምስክር ፈልጎ ሲያጣ መምህሩ ሳይነግረው የራሱን ስህተት ያገኘዋል። ገና መጻፍ ያልለመዱት የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ልጆች ደግሞ በቃላቸው ይከራከሩ።

“በአንድ ክፍል 60 እና 70 ልጅ ታጭቆ፣ ደመወዝ ከወር ወር አላደርስ ብሎ፣ ማን ያርመዋል?” የሚል መምህር ቢኖር እውነቱን ነው። አልፈርድበትም። ግን ሁሉንም በየቀኑ ማረም የግድ አይደለም። ልጆቹ ደብተር ይለዋወጡና “ጓደኛህ የጠቀሰው ነገር እውነት ምንባቡ ውስጥ አለ ወይ?” ተብለው ይፈላለጉ። መምህሩ በቀን አሥሩን ቢያይ በሳምንት ሃምሳውን አየ ማለት ነው። የክፍሉን ጭንቅንቅና የመምህሩን ኪስ ግን መንግሥት ይመልስ። ወንበር ላይ የተቀመጠው እሱ ነው!

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ችግር የሚፈታ ዜጋ እናፈራለን ብሎ ነበር። እንግዲህ ሲያከብብ ያደገ ልጅ ምን ሊፈታ ነው? ዛሬ እሱ ልጅ አድጎ ስልኩን ይከፍታል። በፌስቡክ “እገሌ ብሔር እንዲህ አደረገህ” ሲሉት ምንጩን ሳይጠይቅ ለሌላው ያጋራል። ባለሥልጣን በቴሌቪዥን ብቅ ብሎ “ዕቅዱ ከመቶ መቶ ተሳክቷል” ሲለውም ያጨበጭባል። ወሬ አራጋቢውም ሹመኛውም የሚመቻቸው ይኸው “የታለ ማስረጃህ?” የማይል ሰው ነው። እዚህ ላይ ሁለቱ ወንድማማች ናቸው።

ስለዚህ፣ ወላጆች ሆይ፣ ፖሊሲ እስኪሻሻል አትጠብቁ። ዛሬ ማታ ልጃችሁ መጽሐፉን ገልጦ ሲያነብላችሁ “ጎበዝ!” ብላችሁ አትለፉት። “የቱ ጋ ነው ያለው? እስቲ አሳየኝ” በሉት። ሲለምድ እናንተንም “የታለ ማስረጃችሁ?” ማለቱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ አትቆጡት። ነገ ሹሙን የሚጠይቀው ዛሬ እናት አባቱን ጠይቆ በደህና ያደረ ልጅ ነው።